ባለ ካውያውና ባለ ጠርሙሱ

አባዬ ሚስማሩን የመታው ማሽኑ ከመገዛቱ ከሳምንት በፊት ነው። በግራ እጁ ነው የመታው። ሦስቴ ስቶ በአራተኛው ሲያገኘው በሩ ጋ ቆሜ ነበር፤ እንዳላየሁ ሆኜ ወደ ቤት ተመለስኩ። ይህን ጽሑፍ ከሚስማሩ የጀመርኩት ሌላ መጀመሪያ አጥቼ አይደለም። አምስት መጀመሪያ ጽፌ ሰርዣለሁ፤ ሁሉም ያምሩ ነበር፣ ሁሉም ግን ስለ እኔ ነበሩ። ሚስማሩ ስለ እሱ ነው።

የምንኖረው ፉሪ ነው፣ ዳገቱ ላይ። ከግቢያችን በአንድ በኩል የሰው ጤፍ ይታያል፣ በሌላው በኩል አልቆ የማያልቅ ፎቅ። የአባዬ የእንጨት ሥራ ቤት ከመኖሪያችን ጋር በአንድ ቆርቆሮ የተያያዘ ነው። አልጋ ይሠራል፣ ቁም ሣጥን ይሠራል፣ የኪችን ካቢኔት ይሠራል። ወይስ ይሠራ ነበር ልበል? ቆይ፣ እደርስበታለሁ።

ከሥራ ቤቱ በር በላይ፣ በውስጥ በኩል፣ ሚስማሮች ተደርድረዋል። በየሚስማሩ አንድ አንድ ቁራጭ እንጨት ተሰቅሏል። አባዬ አዲስ መሣሪያ ሲገዛ መጀመሪያ አጭር ጸሎት ያደርጋል፤ ከዚያ በገዛ እጁ አንዲት ነገር ይቆርጣል ወይም ይበሳል። ያቺ የመጀመሪያ ቁራጭ አትሸጥም፣ እሳትም አትገባም፣ ትሰቀላለች። «በኩራት ናት» ይላል። ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ ሥራ የያዘ ሰው የመጀመሪያ ደመወዙን ለጌታ በኩራት ብሎ እንደሚሰጠው ማለት ነው። ከደቡብ ሲመጣ ይዞት የመጣው የእጅ መጋዝ በኩራት አለች፤ ጠቁራለች። የድሪሉ አለች፤ መሃሏ ላይ አንድ ቀዳዳ ብቻ። የክብ መጋዙም አለች። ከሷ ስር ስናልፍ ቀና ብለን አናይም።

የክብ መጋዙ ነገር እንዲህ ነው። እኛ ሰፈር መብራት ሲጠፋ ማንም ማብሪያ ማጥፊያ አይነካም። መብራት መምጣቱንም የምናውቀው በዚያው ነው፤ የጎረቤት ቴሌቪዥን ካቋረጠበት ይጮሃል፣ ወፍጮ ቤቱ በራሱ ይነሳል። አባዬም የሰፈሩ ሰው ነው። ባለፈው ክረምት ጣውላ እየሰነጠቀ መብራት ጠፋና ጣውላው የመጋዙ ጥርስ ውስጥ ተቀርቅሮ ቀረ። ማሽኑን ሳያጠፋ ጣውላውን ሊያላቅቅ እጁን ሰደደ። መብራት መጣ።

መጋዙ የቀኝ አውራ ጣቱን ከሥሩ ወሰደው። እኔ ቤት ውስጥ ነበርኩ። ሰፈሩ ሁሉ እንደ ልማዱ «መጣ! መጣ!» እያለ ይጮህ ነበር፤ የአባቴን ጩኸት ከነሱ መሃል ለይቼ አልሰማሁትም። ደስታ መስሎኝ ነበር።

ሊጠይቁን የመጡ ሰዎች «አራቱ ተርፈውልሃል፣ ተመስገን በል» ሲሉት «ጌታ ይመስገን» ይላል። አውራ ጣት የሌላቸው አራት ጣቶች ግን እንደ መንጠቆ ናቸው። ያንጠለጥላሉ እንጂ አይጨብጡም። የውሃ ጀሪካን ያነሱለታል፤ መዶሻ ይጥሉበታል። ከዚያ ክረምት በኋላ ያንን እጁን የኮቱ ኪስ ውስጥ ማኖር ለመደ። ቤት ውስጥ፣ ኮት በማይለበስበት ሙቀት እንኳ ኮቱን አያወልቅም።

ዘንድሮ አንዲት የቤተ ክርስቲያናችን እናት ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ገቡ። ብሎኩ ገና መብራት የለውም። ቤታችን ድረስ መጥተው የኪችን ካቢኔት እንዲሠራላቸው ጠየቁት።

«አናጢ ጠፍቶ አይደለም» አሉት። «የአንተን እጅ ስለማውቀው ነው።»

«በገዛ እጄ እሠራልዎታለሁ» አለ አባዬ።

ከአደጋው ወዲህ የመጀመሪያ ሥራው ነበር። ያን ቀን መዝሙር ሲያንጎራጉር ሰማሁት። እማዬ ሰበታ ፋብሪካ የማታ ፈረቃ ልትገባ ጫማዋን እያሰረች ቀና ብላ አየችኝ፣ «ሰማሽው?» በሚል ዓይን። ስንት ወር አልሰማነውም ነበር።

የካቢኔቱን ሣጥኖች እዚሁ እያበጀ ማድረስ ይችላል። የላይኛው ጠረጴዛ ግን እዚያው ነው የሚቆረጠው፤ ሲንኩ የሚገባበት ቀዳዳ ከግድግዳውና ከቧንቧው ጋር መለካት አለበት። ለሱ ጅግሶ ያስፈልጋል፣ ያቺ ቀጭን ስለቷ ወደ ላይ ወደ ታች እየዘለለች ጥምዙንም ክቡንም የምትቆርጠው ማሽን። ብሎኩ መብራት ስለሌለው ደግሞ ባለ ባትሪ መሆን አለባት። ባለ ባትሪ ማሽን የመብራት መምጣትና መሄድ አያገባትም። ይህንን ማናችንም ጮክ ብለን አላወራነውም።

አሁን ስለ እኔ ትንሽ። ከሕፃንነቴ ጀምሮ ሰጋቱራ ላይ ነው ያደግሁት፤ እርሳስ ይዤ አሰምራለሁ፣ የጣውላውን ሌላኛውን ጫፍ እይዛለሁ። ማሽን ግን «አንቺ ደብተርሽን» ነው። አሥራ አንደኛ ክፍል ደርሻለሁ፣ አሁንም «አንቺ ደብተርሽን»። ስለዚህ ጅግሶ እንደሚገዛ ስሰማ ስልኬ ላይ ስለ ጅግሶ ያላየሁት ቪዲዮ አልቀረም። ጓደኞቼ ጸጉር ሥራ ሲያዩ እኔ ስለት አያለሁ። በሁለት ቀን ውስጥ ስለ ጅግሶ ከአባዬ የበለጠ የማውቅ መስሎኝ ነበር። እንዲያውም አውቅ ነበር፤ ጥፋቱም ይኸው ማወቄ ነው።

«ቅዳሜ ሰበታ እንሄዳለን» አለኝ አባዬ። «አንቺ ነሽ የምትመርጪው።»

በደስታ አጥንቴ ሁሉ ሳቀ።

ሱቁ ጅማ መንገድ ዳር ነው። ባለሱቁ ጎልማሳ ሰውዬ ናቸው፣ ሆዳቸው ከባንኮኒው ቀድሞ ሰላም የሚል ዓይነት። «ኮታ፣ ኮታ! ግቡ!» አሉን። አባዬ በዚያ የደቡብ ቅላጼው «አካም ጅርቱ» አላቸው። እሳቸው «ፈያ፣ ፈያ» ብለው ወደ እኔ ዞሩ።

«ኢንተላ ኮ፣ አንቺ ነሽ እንዴ ባለሙያዋ?» ልጄ ማለታቸው ነው። ያን ጊዜ ስለ እኔ እንዴት እንደሰሙ አልጠየቅሁም። እንደኔ ዓይነት ሰው በአንድ እይታ የሚታወቅ መስሎኝ ነበር።

ሁለት ጅግሶ አወጡ። አንዱን ከመደርደሪያው አወረዱ፣ ካርቶኑ እንደታሸገ ነው። ሌላኛውን ግን ከባንኮኒው ስር ነው የሳቡት፤ ካርቶኑ ተከፍቷል። ወዲያው ጠረጠርኩ። ያገለገለ ሊያሻግሩብን ነው! አባዬን በክርኔ ነካሁት።

«ይሄ ባለ እጀታ ነው» አሉ፣ የተከፈተውን እያሳዩኝ። «እንደ ካውያ። ከላይ በቀዳዳው ጣቶችሽን ታስገቢያለሽ፣ ውስጥ ያለችውን ሳብ ስታደርጊያት ይነሳል። ምንም መጭመቅ የለም፣ መንጠልጠል ብቻ። በጣም ምቹ ነው። በጣም!» ሁለተኛውን «በጣም» ያሉት አባዬን እያዩ ነበር። «ያኛው እጀታ የለውም። ወገቡን ነው እንደ ጠርሙስ የምትጨብጪው። ማብሪያው ጎኑ ላይ ነው።»

«ያዥው» አለኝ አባዬ። ቀኝ እጁ ኪሱ ውስጥ ነበር።

ለምን እሱ ራሱ እንዳልያዘ አሁን አውቃለሁ። ሌላ ሁለት ገዢ ሱቁ ውስጥ ቆሞ ነበር። ያኔ ግን ክብር የሰጠኝ መሰለኝ።

መጀመሪያ ባለ ካውያውን ያዝኩ። ጥሩ ነው። ግን ከእንጨቱ ከፍ ያልኩ፣ ሰው ትከሻ ላይ ሆኜ የምጽፍ መሰለኝ። ከዚያ ባለ ጠርሙሱን ያዝኩ። ወይኔ! መዳፌ ውስጥ ገባ። እጄ ከእንጨቱ አንድ ስንዝር ሳይርቅ፣ ስለቱ ራሱ ከጣቴ የበቀለ ነው የሚመስለው። ማብሪያውን በአውራ ጣቴ ወደፊት ገፋሁት። ዝዝዝዝ አለ።

እዚህ ጋ እውነቱን ልጻፍ፣ ለዚህ ብዬ ነው የተቀመጥሁት። በአውራ ጣቴ ነው የገፋሁት። ያቺን ቅጽበት አውቄዋለሁ። አንድ ነገር ጭንቅላቴ ውስጥ ቀና ብሎ ሊናገር ነበር፤ እኔ ግን ከሱ ቀድሜ መናገር ጀመርኩ።

«አባዬ፣ ይሄኛው ነው!» አልኩ። «አየህ፣ ስለቱ የሚቆርጠው ወደ ላይ ሲወጣ ነው፤ ከላይ ከቆረጥነው የጠረጴዛውን ፊት ይቦጫጭቀዋል። ይሄን ግን ገልብጠን ከስር ይዘን መቁረጥ እንችላለን። ባለ እጀታውን ከስር መያዝ አይመችም። ደግሞ ያኛው ካርቶኑ ተከፍቷል።»

ሁሉም እውነት ነበር። አንዲት ውሸት የለችበትም።

«ወይ ጉድ!» አሉ ባለሱቁ። «ኢንጂነር ናት እኮ። ግን ወንድሜ፣ አንተ ራስህ ይሄንን...»

«እሷ ያለችውን ስጠኝ» አለ አባዬ።

«አይ፣ እኔ የምለው...»

«እሷ ትምረጥ ብያለሁ። መርጣለች።»

ስንመለስ ሚኒባስ ውስጥ ካርቶኑን እንደ ሕፃን አቅፌው ነበር። ረዳቱ «እህት፣ ለማን ነው ጥሎሹ?» ሲለኝ ሰው ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። አባዬ ፈገግ አለ። በመስኮት ውጭ ያይ ነበር።

ቤት ስንደርስ እማዬ ከእንቅልፍ ተነስታ በረንዳው ላይ ነበረች፤ ሥራ ቤቱ ድረስ ተከተለችን። አባዬ ባትሪውን ሞላ። ባንኮው ላይ፣ እኛ የሥራ ጠረጴዛውን ባንኮ ነው የምንለው፣ አንድ ቁራጭ ጣውላ በሞርሳ አሰረ። ባንኮው አንድ እግሩ አጭር ስለሆነ ድሮም ይነቃነቃል። አይኑን ጨፍኖ ጸለየ። «ጌታ ሆይ፣ የእጃችንን ሥራ አከናውንልን» አለ። አሜን አልን።

ከዚያ ቀኝ እጁን ከኪሱ አወጣ።

አራቱን ጣቶች ማሽኑ ወገብ ላይ ጣል አደረገ። ሲያነሳው እንደ ጠርሙስ ተንከባለለበት። እንደገና ጣል አደረገ። ማብሪያው አውራ ጣት መኖር በነበረበት በኩል ነው። በግራ እጁ ተሻግሮ ገፋው፤ ማሽኑ ተነሳ፣ እየተንቀጠቀጠ ከጣቶቹ መንጠቆ ወጣ፣ ጣውላውን ደብድቦ በጎኑ ወደቀ። አጠፋው። ወደ ግራ እጁ አዞረው። በግራ እጁ መስመሩ ላይ አንድ ጣት ያህል ሄደ፤ ከዚያ ባንኮው ተነቃነቀ፣ ስለቱ ከመስመሩ ወጥቶ እንደ ሰከረ ሰው ተጥመልምሎ ቀጭ አለ። ተሰበረ።

አባዬ ማሽኑን በቀስታ አስቀመጠው።

«ባትሪው አልሞላም መሰለኝ» አለ።

ባትሪው ላይ ሦስቱም አረንጓዴ መብራቶች በርተዋል። ሦስታችንም አየናቸው። እሱ እጁን ኪሱ ከትቶ ወጣ።

እማዬ ተቦጫጭቆ የቀረውን ጣውላ አየች፣ እኔን አየች። አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። «በሌለው ጣት እንዲይዘው ነው ገዝተሽለት የመጣሽው?» አለች። ተመትቶ የሚጠብቀውን ባዶ ሚስማር አይታ ደግሞ «ያንን የመታው እኮ በደስታ ነው» አለችና ትታኝ ገባች።

ሰኞ ከትምህርት ቤት ወጥቼ፣ ማሽኑን ከነካርቶኑ ቦርሳዬ ውስጥ ጠቅጥቄ፣ ዩኒፎርሜን ሳላወልቅ ሰበታ ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ የምናገረውን አጠናሁ። አባዬ ሳያውቅ ቀይሬ፣ ባለ ካውያውን ባንኮው ላይ አስቀምጬ፣ ጠዋት ሲያገኘው ምንም እንዳልተፈጠረ። በሐሳቤ አስቀድሜ ደስ ብሎኝ ነበር። ይሄ የኔ በሽታ ነው።

ባለሱቁ ካርቶኑን ሲያዩ ገና ከበሩ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ስለት የነካ አይመለስም፣ ኢንተላ ኮ።»

«ጋሼ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የተሠራበት። እባክዎ። ያንን ባለ እጀታውን ብቻ ይስጡኝ። የተከፈተም ቢሆን፣ ያገለገለም ቢሆን ግድ የለኝም።»

«ያገለገለ ማን አለሽ?» አሉ። ቀስ ብለው በርጩማቸው ላይ ተቀመጡ። «የከፈተው አባትሽ ነው። ከናንተ በፊት በሳምንቱ ብቻውን መጥቶ ነበር። ሱቁ ሰው እስኪቀንስ ውጭ ቆመ። ከዚያ ገብቶ እጁን አወጣና አሳየኝ። ሁለቱንም ሞከራቸው። ባለ እጀታውን ሲይዝ ብታይው! አራቱን ጣቶቹን አስገባ፣ አንጠለጠለው፣ አስነሳው። የማስታወቂያ ካርቶን ቀድጄ ሰጥቼው ቀጥ አድርጎ ቆረጠልኝ። እንደ ልጅ ነው የሳቀው።»

«ታዲያ ለምን ያኔውኑ አልገዛውም?» አልኩ።

«እኔም እንደዛ አልኩት። ‹አስቀምጥልኝ፣ ከልጄ ጋር እመጣለሁ› አለኝ። ‹እሷ ትምረጥልኝ። እጄን ታውቀዋለች፣ ይሄንኑ ነው የምትለው› አለኝ። ሳምንት ሙሉ ከባንኮኒው ስር ደብቄ አስቀመጥኩለት። እናንተ ስትሄዱ ሌላ ሰው ወሰደው።» ጎንበስ ብለው የባንኮኒውን ስር አዩ። «ሌላ ማሽን መቼ እንደሚመጣልኝ አላውቅም። አሁን አሁን ያ ዓይነቱ አይገባም።»

አንዲት ስለት በነፃ ሰጡኝ። ለተሰበረችው ምትክ። «ገለቶማ» አልኳቸውና ወጣሁ። ጅማ መንገድ ላይ ረዳቶች ይጮሃሉ፣ ሰው ይጋፋል። እኔ ቦርሳዬን ደረቴ ላይ ይዤ ሁለት ሚኒባስ አሳለፍኩ። «እጄን ታውቀዋለች።» ለዚህች ቃል ሳልበቃ ስንት ቃል አውቃለሁ፣ በሦስት ቋንቋ ሰላምታ አውቃለሁ፣ የስለት ጥርስ በስንት ዓይነት እንደሚሠራ አውቃለሁ።

ስመለስ አባዬ ሥራ ቤቱ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። የካቢኔቱን በር በአሸዋ ወረቀት ይፈትጋል፤ ወረቀቱን በመዳፉ ተጭኖ፣ ለዚህ አውራ ጣት አያስፈልግም።

«ሰበታ ሄጄ ነበር» አልኩት።

መፈተጉን አላቆመም።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ጠየቅሽኝ?» አለ።

ሌላ ነገር ሊል መስሎኝ ጠበቅሁ። ሰጋቱራውን እፍ አለና በሩን ወደ ብርሃኑ አዘንብሎ አየው።

«ደስ ብሎሽ ነበር» አለ። ይህንን ያለው እንደ ፍቅር ይሁን እንደ ጥፋት እስካሁን ልለየው አልቻልኩም። ከዚያ በአገጩ ቦርሳዬን አሳየኝ። «ስለት ሰጠሽ?»

«አዎ።»

«እሰሪያት እንግዲህ። ሥራ አለ።»

በዚህ ሁኔታ ነው ማሽን የተፈቀደልኝ። «አንቺ ደብተርሽን» የሚለው ያን ቀን ቀረ። ስንት ዓመት የለመንኩት ነገር «ሥራ አለ» ተብሎ ተወረወረልኝ። ከኋላዬ ቆሞ አስተማረኝ፣ በአፉ ብቻ። «አትግፊው፣ ራሱ ይሄዳል፤ ተከተዪው ብቻ። ትንፋሽሽን አትያዥ። ከመስመሩ ውጭ ቁረጪ፣ መስመሩን አትብዪው።» የመጀመሪያዋን ቁራጭ ቀጥ አድርጌ አወጣኋት። ጠርዟ የተላገ ይመስል ነበር። እሱም አያት፣ በጣቱ ጫፍ ዳሰሳት፣ መልሶ ባንኮው ላይ አኖራት። እሱ ሲወጣ በርጩማ ላይ ወጥቼ ባዶው ሚስማር ላይ ሰቀልኳት።

በቀጣዩ ቅዳሜ ሦስት ታክሲ ቀይረን ኮዬ ፈጬ ሄድን። አራተኛ ፎቅ። ሲንኩን ገልብጠን ዙሪያውን አሰመርን። ፊቱ እንዳይቦጫጨቅ መስመሩ ላይ ፕላስተር ለጥፈን አብዛኛውን ከላይ ቆረጥኩ። በግድግዳው በኩል ያለው ማዕዘን ግን ከላይ አይደረስም፤ እንዳልኩት ከስር ነው የሚቆረጠው። ሣጥኑ ውስጥ በጀርባዬ ተኝቼ ማሽኑን ወደ ላይ ይዤ አስነሳሁት። ሰጋቱራው አፌ ውስጥ ገባ፤ እየሳቅሁ ነበርና። አልዋሽም። እጄ ደስ ብሎት ነበር። የሚቆረጠው ቁራጭ ወድቆ ፊቴን እንዳይመታኝ አባዬ ከላይ በአራቱ ጣቶቹ አንጠልጥሎ ይዞት ነበር። ስለቱ ዞሮ ሲጨርስ ቁራጩን ሳብ አድርጎ አነሳውና በቀዳዳው ውስጥ ፊቱ ታየኝ። ወደ ታች አየኝ።

«ወጣ» አለ።

«ወጣ» አልኩ።

የቤቱ እናት ከጎረቤት ሲመለሱ ጠረጴዛውን በመዳፋቸው ዳሰሱት። አንድ የተቦጨቀ የለበትም። «ብዬ አልነበር! ይሄን እጅ እኔ አጥቼው ነው? እጅህ ይባረክ!» አሉ አባዬን።

እኔ ሳጥኑ ውስጥ ሰጋቱራ እየጠረግሁ ነበር። ሲያርማቸው ለመስማት ጠበቅሁ። ባያርማቸው ደግሞ ምን እንደሚል። ቀኝ እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተው።

«አሜን» አለ።

ማክሰኞ ከትምህርት ቤት ስመለስ የሰቀልኳት ቁራጭ በሚስማሩ ላይ አልነበረችም። ወለሉን ፈለግሁ፣ ምድጃውን ፈለግሁ፣ እማዬን ጠየቅሁ። ያገኘኋት ደብተሬን ላነሳ ጎንበስ ስል ነው። በባንኮው አጭር እግር ስር ገብታለች። ልኳ ነበር፤ እንዲያውም ትንሽ ተልጋ፣ በጥንቃቄ፣ ልኳ እንዲሆን ተደርጋለች። ስንት ዓመት ሲነቃነቅ የኖረ ባንኮ።

በኩራት አባዬ በገዛ እጁ የቆረጣት ናት፤ ያቺ ግን የእኔ እጅ ሥራ ነበረች። ሕጉን የማውቀው እኔ ነኝ፣ ከላይ ጽፌዋለሁ።

ሚስማሩ ባዶውን አለ። ይህን የምጽፈው ባንኮው ላይ ነው፤ አባዬ ወዲያ ማዶ በር ይፈትጋል። ባንኮው አይነቃነቅም፣ ጽሕፈቴም ለመጀመሪያ ጊዜ መስመሩን ሳይስት እየሄደ ነው።